የሐይቅ ዳር የእግር መንገድ ለማን ይሠራል?



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ስሟን የወረሰችው በስተምሥራቅ በኩል ከተዘረጋው ውኃ ነው። ደሴ ላይ ካፖርት ያስደረበው ብርድ እዚህ ሲደርስ ይለዝባል፤ አየሩም ለመንገደኛ የሚስማማ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ መሥመር ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚያልፍ ሰው፣ ጊዜ ቢያጥረው እንኳ፣ ሐይቁን ሳያይ ማለፍ አይሆንለትም።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። እናቴ አብራን ነበረች። እናቴ በወጣትነቷ ዘመን ስንቋን ቋጥራ፣ የመስከረም 21 ቀንን በዓል ለማክበር ግሸን ማርያም ድረስ በእግሯ የወጣች ሴት ናት። ዛሬ ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ያለ ምርኩዝም አትራመድም። መኪናው ሊደርስበት ከቻለው ስፍራ እስከ ውኃው ጠርዝ የቀረው መንገድ ከሦስት መቶ ርምጃ የሚበልጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር ምድሩ ጨቅይቷል፤ ቁልቁለቱም ቀጥ ያለ ነበር። ሃያ ርምጃ ያህል እንደ ሄደች እግሯ አዳለጣት። በግራና በቀኝ ደግፈን አቆምናት። ከዚያም ወደ መኪናው ተመልሳ ተቀመጠችና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ሂዱና እዩልኝ» አለችን።

ሄደን አየን። ተመልሰንም ያየነውን ነገርናት። ነገር ግን ሐይቅ በወሬ የሚታይ ነገር አይደለም።

ይህን ያነሣሁት የቤቴን ጉዳይ ለማውራት ብዬ አይደለም። ከእናንተ መካከል አረጋዊ አባት ወይም እናት፣ ክንድ ላይ ያለ ሕፃን፣ ወይም ከሕመም በማገገም ላይ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። እንዲሁም ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የመናፈሻና የመንገድ ፕላን በጠረጴዛችሁ ላይ ሲያልፍ ሐሳብ የምትሰጡበት፣ አንዳንዶቻችሁም የምትፈርሙበት ናችሁ። ስለዚህ ቀላል የሚባል የሐይቅ ዳር የእግር መንገድ ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ በምንስ ዘዴ እንደሚሠራ፣ የሐይቅን አገር ምሳሌ አድርጌ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

አስቀድመን ስፍራውን እንወቅ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከርሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃውን በአንከርካ ወንዝ አማካይነት ወደዚህ ይልካል። ይህ ሐይቅ ራሱ ግን በገጸ ምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ውኃ የሚቀንሰው በአብዛኛው በፀሐይ ተንኖ ነው። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ ስለ መንገዱ ስፍራ በምንነጋገርበት ጊዜ እንመለስበታለን።

በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር፣ ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ውኃው ዘልቆ በገባ ምድር ላይ ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርትን ያስፋፉበት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው የተማሩበት ቦታ ይህ ነው። በገዳሙ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈ ሲሆን፣ የተጻፉበትን ዘመን ራሳቸው ከሚናገሩት የአገራችን የብራና መጻሕፍት መካከል እጅግ ከቀደሙት የሚቈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ በኩል ባለፈ ጊዜ፣ መነኮሳቱ ከደሴቱ ወደ የብስ በቄጠማ ታንኳ ሲመላለሱ እንደ ነበር ጽፏል። በውኃው ውስጥ የሚኖረውንም እንስሳ ጉማሬ ብሎ በአገሩ ስም ጠርቶታል። አንድ የውጭ አገር ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእኛን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ሲያስቀምጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አመጣጥ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ደረሰባት። እግዚአብሔርም ስለ ግፉ ተቈጥቶ፣ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር በዙሪያው ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ያውም ገዳሙ የቆመበት ነው ይባላል። ታሪክ ጸሐፊ ይህን እንደ ማስረጃ አይቀበለውም። እኔ ግን በልቤ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፤ የዚህ ውኃ ወሬ የሚጀምረው ከተቀመጠች ሴት ነው።

በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ወደ ውስጥ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ይህ የጸና የምናኔ ሕግ ስለ ሆነ የምንከራከርበት ነገር አይደለም። ነገር ግን ከሥርዓቱ የሚከተለውን ማስተዋል ተገቢ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ወደ ሐይቅ ሲሄድ አባትና ወንዶች ልጆች ገዳሙን ሊሳለሙ ይገባሉ፤ እናት፣ ሴቶች ልጆችና አያት ግን ከደጅ ይቀራሉ። ለእነርሱ የሚተርፋቸው የሐይቁ ዳር ብቻ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ለሁሉ የሚመች መሆኑ በሌላ ስፍራ ካለው ይልቅ በዚህ ስፍራ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ምናልባት አንዳንዱ፣ «ወሎ የተራራ አገር ነው፤ ሕዝቡም ዳገት የለመደ ነው፤ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ከሐይቅ አልፎ በአምባሰል በኩል የተመለከተ ሰው አምባ በአምባ ላይ ተደራርቦ ያያል። የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን አምባም በዚያው በአምባሰል ነው። የግሸን ተሳላሚ ዳገቱን የሚወጣው ድካሙን እንደ በረከት ቈጥሮ ነው። ዛሬ የመኪና መንገድ የጉዞውን ብዙውን ክፍል ቢያቀልለውም፣ አንዳንዱ ሰው ስለ ስእለቱ ብሎ ሆነ ብሎ በእግሩ ይወጣል። እዚያ ድካም የጉዞው አንድ ክፍል ነው። በሐይቅ ዳር መናፈስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ነፋስ ሊቀበል ሲሄድ ጉልበቱን ሊፈተን አይሄድም። ዳገት የለመደውም ሕዝብ ቢሆን ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይወልዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜም በአካሉ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ጥቂት አይደለም። እነዚህን ሁሉ «እናንተ መኪና ውስጥ ቈዩ» ማለት አይገባም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መንገድን ከባድ የሚያደርገው ከሁሉ አስቀድሞ ተዳፋቱ ነው። በብዙ አገር መሐንዲሶች የተስማሙበት ልክ አለ። መንገዱ በ20 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ የማይል ከሆነ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሳይጨነቅ ይሄድበታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድም ሰው በገዛ እጁ እየገፋ ይወጣዋል። በ12 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ ይህ ለአጭር መወጣጫ ብቻ የሚፈቀድ ነው፤ እርሱም በየዘጠኝ ሜትሩ ገደማ ማረፊያ የሚሆን ደልዳላ ስፍራና የእጅ መደገፊያ ያስፈልገዋል። ከዚህ በላይ የቆመ ዳገት ጤነኛውን ሰው ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው።

ሒሳቡ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መኪና ከሚቆምበት ቦታ እስከ ውኃው ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው እንበል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው አቋራጭ ምናልባት 150 ሜትር ይሆናል። ቀላል መንገድ ለመሥራት ግን ቢያንስ 400 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ይኸውም መንገዱ በተዳፋቱ ላይ አግድም እየሄደና እየተመለሰ ይወርዳል ማለት ነው። ፕላኑን የሚያይ ሰው በዚህ ጊዜ፣ «መንገዱ ለምን ይዞራል? ይህስ የገንዘብ ብክነት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ሰው መልስ የምትሰጠው የገበያ አህያ ናት። ጭነት የተሸከመች አህያ ዳገትን ፊት ለፊት አትጋፈጥም፤ በራሷ ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘች ትወጣለች። ባለ አህያው ትምህርት ቤት ባይገባም ይህን ያውቃል። ደግሞም ቀጥ ያለው አቋራጭ ክረምት በገባ ቍጥር ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ይሆንና፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦረቦር ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር የሚረገጠው መሬት ነው። ወሎ በበልግም በክረምትም ዝናም የሚያገኝ አገር ስለ ሆነ፣ መንገዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጨቀያል። ጥቁሩ መረሬ አፈር በዝናም ጊዜ እንደ ሊጥ ከጫማ ጋር ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የምርኩዝ ጫፍ ይይዛል። መድኃኒቱ እንዲህ ነው። የላዩ አፈር ይነሣል፤ ከሥር ደንጊያ፣ ከዚያም በላይ ጠጠር፣ በመጨረሻም ደቃቅ የሆነው ይደለደልና ውኃ እየተረጨበት በደንብ ይጠቀጠቃል። ጠጠሩ ሳይጠቀጠቅ ልቅ ሆኖ የተነሰነሰ እንደ ሆነ ግን ከጭቃው አይሻልም፤ የወንበሩ መንኰራኵር ይሰጥምበታል፣ የአረጋዊም እግር ይንሸራተትበታል። በየከተማችን የተነጠፈው ጠርብ ደንጊያ፣ ኮብልስቶን የምንለው፣ ለመኪናና ለጤነኛ እግር መልካም ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን አጥንት ያንቀጠቅጣል። የሚያብረቀርቀውም ንጣፍ ለዐይን ቢያምርም ዝናም ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። ሲሚንቶ ከሆነ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ሊደረግ ይገባል። ረግረግ በሆነ ስፍራ ላይ የጣውላ መሸጋገሪያ የሚሠራ እንደ ሆነ፣ ጣውላዎቹ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ሳይሆን በአግድሙ ይነጠፋሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ክፍተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም መብለጥ የለበትም። ያለዚያ መንኰራኵሩም ምርኩዙም ይገባበታል።

ውኃ በመንገዱ ላይ እንዳይተኛ መሬቱ ወደ አንድ ጎን በጣም ትንሽ ያዘነብላል። በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር የሚሆን ማዘንበል ይበቃል፤ ከበዛ ግን ወንበሩ ወደ ውኃው በኩል ይስባል። ወርዱም ቢሆን አንድ ሜትር ተኩል ሲሆን አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ እግረኛ ጎን ለጎን ይሄዱበታል፤ ሁለት ወንበሮች እንዲተላለፉ 1 ሜትር ከ80 ይፈልጋል። በውኃው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ከፍታ ያለው ደንጊያ ቢደረደር ዐይነ ስውሩ በዱላው ጫፍ መንገዱን ይለያል፤ የሕፃኑም ጋሪ አያመልጥም። እነዚህ ሁሉ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ከመጀመሪያው ካልታሰቡ ግን በኋላ ለማረም ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ።

ሦስተኛው ነገር መቀመጫ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቈይ ይፈቀድልኝ። መናፈሻ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ አበባውና ስለ በሩ ያስባል፤ አግዳሚ ወንበርን ግን እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል። ለደካማ ሰው ግን ወንበር የመንገዱ አንድ ክፍል ነው። መቶ ሜትር ብቻ መሄድ የሚችል ሰው በየመቶ ሜትሩ መቀመጫ ካገኘ አንድ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ካላገኘ አይነሣም። የሚቀጥለው ወንበር ካለበት ሆኖ መታየቱም ራሱ ያበረታል። ወንበሩ ከመሬት 45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው መሆን ይገባዋል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በክንዱ ተመርኵዞ ነው የሚነሣው። ለስላሳውና ዝቅተኛው ወንበር የሚያምር ቢሆንም፣ አያቶቻችሁን ከዚያ ላይ ስታነሡ ምን ያህል እንደምትቸገሩ ታውቁታላችሁ። በአጠገቡም ተሽከርካሪ ወንበር የሚቆምበት ደልዳላ ስፍራ ይተው፤ እንዲህ ከሆነ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ጥላ ደግሞ ከሾላና ከዋርካ የሚሻል የለም፤ ዛፉ እስኪያድግ ድረስ የሣር ክዳን ይበቃል።

ስለ መቀመጫ ከተነሣ ሌላም የሚነገር አለ። በአገራችን በብዙ ሐይቆች ዳር ውኃውን እያዩ መቀመጥ የሚቻለው ቡና ወይም ምሳ በመግዛት ነው። ዳሩ በአጥርና በግንብ ተይዞ፣ ሐይቁ የደንበኛ ብቻ ሆኗል። የሆቴል ባለቤቶችን መውቀስ አይገባም፤ እነርሱ የተፈቀደላቸውን ይሠራሉ። ነገር ግን ከአጥርና ከውኃ መካከል አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ለሕዝብ እንዲቀር ያላሰበው፣ ቦታውን ለክቶ የሰጠው ብዕር ነው። ብዕሩ ደግሞ ያለው በመሥሪያ ቤት ነው።

አሁን አስታውሱልኝ ወዳልኋችሁ ነገር እንመለስ። የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ስለ ሆነ፣ ዝናም በበዛበት ዘመን ውኃው ከፍ ይላል፤ በድርቅ ዘመን ይሸሻል። ደሴት የነበረው ገዳም ከየብስ ጋር መያያዙ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት የውኃውን ጠርዝ አይቶ እዚያው ላይ መንገድ የሚዘረጋ ሰው፣ አንድ ቀን መንገዱን ከውኃ በታች ያገኘዋል። ብልኅነቱ መንገዱን ከፍ አድርጎ፣ ሽማግሌዎች «ውኃው እስከዚህ ደርሶ ያውቃል» ከሚሉት ምልክት በላይ ማሳለፍ፣ ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ስፍራ ብቻ አጭር ቅርንጫፍ ወደ ውኃው ማውረድ ነው። በዳሩ የበቀለው ፊላና ቄጠማ እንዳይነካ ያስፈልጋል፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍም ጎጆውን የሚሠራበት እርሱ ነው፤ ጎርፍ ይዞት የሚመጣውንም ደለል ያጣራል። ፊላውን አጽድቶ ሲሚንቶ ያፈሰሰ ሰው ሕዝቡ ሊያየው የመጣውን ነገር ራሱን አጠፋ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የሐዋሳ ነገር የሚያስተምር ነው። የሐዋሳ ሐይቅም እንደዚሁ መውጫ የለውም። ውኃው እየጨመረ ከተማውን ባሰጋ ጊዜ በዳሩ የጎርፍ መከላከያ ክትር ተሠራ። ክትሩ የተሠራው ለሽርሽር አልነበረም፤ ነገር ግን አናቱ ደልዳላና ከውኃው ከፍ ያለ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ በማታ የሚንሸራሸርበት መንገድ ሆነ። አረጋውያንም፣ ሕፃናትም፣ ፍቅረኞችም እዚያ ይታያሉ። ማንም «ይህ ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ነው» ብሎ አላወጀም፤ ደልዳላ መሆኑ ብቻ ሁሉን ጠራ።

ከውጭ አገር ደግሞ የስሎቬንያን የብሌድ ሐይቅ እንጥቀስ። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ትንሽ ሐይቅ ሲሆን፣ እንደ ጥንቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት አለው። ወደ ደሴቱ በእንጨት ጀልባ ይገባል፤ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ለመድረስ 99 ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ይህን መውጣት የማይችል ሰው ግን አያዝንም፤ በሐይቁ ዙሪያ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ አብዛኛው ሜዳ የሆነ የእግር መንገድ አለለት፤ ደሴቱንም ከየአቅጣጫው እያየ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህን አይተን ለእኛም ሐይቅ ዙሪያውን የሚከብብ መንገድ ይሠራ ማለት ስሕተት ይመስለኛል። የእኛው እጅግ ሰፊ ነው፤ ዳሩም የገበሬ ማሳ፣ ረግረግና የመነኮሳት ጸጥታ ያለበት ነው። በእኔ አስተያየት አምስት መቶ ሜትር በሚገባ የተሠራ መንገድ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር በግማሽ ከተሠራ ይበልጣል። ለደካማ ሰው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በአንዲት ጭቃ ስፍራ ነውና።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት 9ኛ አንቀጽ ስለ ተደራሽነት፣ በ30ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ መዝናኛ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ጉብኝት ስፍራዎች ተነግሯል። እንግዲህ ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ «ሕንፃ» የሚለው ቃል በአእምሮአችን ግድግዳና ጣራ ብቻ ስለሚሥል፣ ከሕንፃው ደጅ ውጭ ያለው መሬት ይረሳል። በሩ ሰፊ ሆኖ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ጭቃ ከሆነ በሩ ምን ይጠቅማል?

መንገዱ እስኪሠራ ድረስ ወደ ሐይቅ የምትሄዱ ሰዎች ደግሞ ጥቂት ነገር ብታውቁ ይበጃችኋል። በመጀመሪያ ስለ መንገዱ ሰላምና ስለ ጭቃው ሁኔታ ከከተማው ሰው ጠይቁ። ከተማው ከሐይቁ በስተምዕራብ ስለ ሆነ፣ በጧት የሄደ ሰው ፀሐይዋ ከውኃው ላይ እያንጸባረቀች ዐይኑን ትወጋዋለች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ብርሃኑ ከበስተኋላ መጥቶ ማዶውን ተራራ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ ተራራ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ደክሞ ሲመለስ ያርፋል፤ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ግን ሲሄድ ቀልሎት ሲመለስ ዳገት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከአረጋዊ ጋር ስትሄዱ የጉልበቱ ሲሶ ሲያልቅ ተመለሱ፤ ግማሹን አትጠብቁ። ታጣፊ ወንበርም ከመኪናችሁ አይታጣ። ዓሣ ከበላችሁም፣ ብዙ ጊዜ በሳሕኑ ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ለሐይቁ እንግዳ መሆኑን ዕወቁ፤ ከ40 ዓመት በላይ የቈየ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ግድም ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ ነው። አምባዛው ግን የጥንት ባለ አገር ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ለአረጋውያንም ምክሩ ተመሳሳይ ነው። ቀኑን በወንበር ላይ የምንውል የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ማንበብ ይቀለናል፤ መፈጸሙ ግን የሚራመዱበት ስፍራ ይፈልጋል።

ስለ እናቴ ጀምሬ ነበርና ታሪኩን ልፈጽመው። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር፣ መሬቱ በደረቀ ጊዜ፣ እንደ ገና ይዘናት ሄድን። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ወርጄ፣ ከመኪናው አርባ ርምጃ ያህል ርቆ ደልዳላ የሆነ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ያለ ስፍራ አገኘሁ። ታጣፊውን ወንበር ዘረጋንላት። ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከፊላው አጠገብ የሚዋኙትን ወፎች አንድ ሁለት እያለች ቈጠረች፤ ሲጠልቁባት ቍጥሩ እየጠፋባት እንደ ገና ጀመረች። ከዚያም ወደ ገዳሙ በኩል እያሳየች፣ «ያ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሩቅ ይመስለኝ ነበር» አለችን።